ወላጅን የመጦር ወጪ፦ ከቀብር በፊት ያሉት ዓመታት

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገቡ መድኃኒቶች፣ የአዋቂ ዳይፐርና የሽንት ቱቦ ዋጋ ታማሚ ወላጅ ባለበት ቤት ሁሉ የቤተሰብ መነጋገሪያ ሆኗል። በባንክ ከ60 ብር በታች ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲወጣ፣ ጡረታውና ልጆች የሚልኩት ገንዘብ በዚያ ፍጥነት አላደገም። በጎንደር ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት መንገድ በየጊዜው እየዘጋ፣ ሪፈር የተጻፈለትን ታማሚ ወደ አዲስ አበባ መውሰዱንም፣ ሌላ ከተማ ያለ ልጅ መጥቶ ተራውን እንዲይዝ ማድረጉንም አክብዶታል።

ጉዳዩ ሲነሣ የሚሰማው ንግግር ግን ብዙ ጊዜ የተደበላለቀ ነው። አንዱ «የጤና መድን ደብተር አለን፤ እሱ ይሸፍናል» ይላል። ሌላው ውጭ ካለ ዘመድ የሰማውን ይዞ «በአሜሪካ እናቱን ለሚጠብቅ ልጅ መንግሥት ይከፍላል» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ልጅ ወልደው ላሳደጉ ወላጆች ስለ ክፍያ መነጋገሩን ራሱን እንደ ነውር ይቆጥረዋል። በሦስቱም ውስጥ እውነት አለ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ስለ ሕክምና፣ ሁለተኛው ስለ እንክብካቤ፣ ሦስተኛው ስለ ግዴታ ነው የሚናገረው።

የረጅም ጊዜ እንክብካቤ የሚባለው፣ በእርጅና ወይም በማይድን ሕመም ምክንያት ራሱን ችሎ መብላት፣ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳዳትና መንቀሳቀስ ላልቻለ ሰው ለወራት ወይም ለዓመታት የሚሰጥ የዕለት ተዕለት ድጋፍ ነው። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ቤት ወስዳችሁ አስታሙ» ካለበት ቀን በኋላ የሚጀምረው ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ጎንደር ውስጥ ለሕክምና፣ ለቀለብና ለቀብር እያንዳንዳቸው ደከምም ቢል የገንዘብ ምንጭ አላቸው፤ ለዚህ ለማስታመም ጉልበት ግን ማንም ያዘጋጀው ነገር የለም። ስለሌለም ወጪው በአንድ ሰው ላይ፣ በአብዛኛውም በአንዲት ሴት ላይ፣ ሳይቆጠር ይወድቃል።

ወጪው ከምን ይመጣል?

በስትሮክ ምክንያት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ያላቸውን አንዲት እናት እናስብ። በራሳቸው መገላበጥ ስለማይችሉ የአልጋ ቁስል እንዳይወጣባቸው በየ2 ሰዓቱ ጎናቸውን ማዞር ያስፈልጋል፤ ይህ በቀንና በሌሊት 12 ጊዜ ማለት ነው። ምግብ ትንታ እንዳያስከትል ትራስ ደግፎ ቀና ማድረግ፣ አጥሚቱን በማንኪያ በትንሽ በትንሹ መስጠት፣ የመጀመሪያውን መዋጣቸውን አይቶ ሁለተኛውን ማቅረብ ግድ ነው፤ ቁርስ ብቻ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። በቀን 4 ዳይፐር ቢያስፈልግ በወር 120 ይሆናል። ዳይፐር መግዛት ያልቻለ ቤት ጨርቅና አንሶላ ያጥባል፤ ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሰፈሮች ደግሞ አጠባው ራሱ ውኃ የመግዛት ወጪ ይዞ ይመጣል።

ከዚህ ዝርዝር የሚታየው፣ ትልቁ ወጪ ዕቃው ሳይሆን ሰዓቱ መሆኑን ነው። በየ2 ሰዓቱ የሚነሣ ሰው ቀን ሥራ ሊውል አይችልም፤ ቀን የሚሠራ ሰውም ሌሊቱን ለብዙ ወራት ሊዘልቀው አይችልም። ስለዚህ የአልጋ ቁራኛ የሆነ አንድ ወላጅ ቢያንስ የሁለት ሰው ጉልበት ይፈልጋል። የመርሳት በሽታ ባለባቸው አዛውንት ዘንድ ማንሣትና መገልበጡ ይቀርና በምትኩ ያለማቋረጥ መጠበቅ ይመጣል፦ በር ከፍተው እንዳይወጡ፣ እሳት እንዳይነኩ፣ መድኃኒታቸውን ሁለት ጊዜ እንዳይወስዱ።

ቤተሰብ ወጪውን ሲያሰላ የሚቆጥረው ግን መድኃኒቱንና ዳይፐሩን ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ በየወሩ ገንዘብ የሚልከው ወንድም የላከው ይታወቅለታል፤ ቅዳሜ ገበያ የነበራትን የቅመም መደብ ዘግታ እናቷ አጠገብ የተቀመጠችው እህት ያጣችው ገቢ ግን በማንም ሒሳብ ውስጥ አይገባም። በወንድማማቾችና በእህትማማቾች መካከል ኋላ ላይ ለሚነሣው ቅሬታ ዋናው ምንጭ ይህ ይመስለኛል።

ያሉት የገንዘብ ምንጮች የቱን ይሸፍናሉ?

ጡረታ ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው ነው። ለመንግሥት ሲቪል ሠራተኛ የጡረታ አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ሲሆን፣ ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየተጨመረ እስከ 70 በመቶ ይደርሳል። ለምሳሌ 30 ዓመት ያገለገለና አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር የነበረ ሰው 55 በመቶውን፣ ማለትም 4,400 ብር ያገኛል። እርሱ ሲሞት ለሚስቱ የሚተላለፈው የአበሉ 50 በመቶ፣ ማለትም 2,200 ብር ነው። ሴቶች በአማካይ ከባሎቻቸው በዕድሜ የሚያንሱና ረጅም ዕድሜም የሚኖሩ በመሆናቸው፣ እንክብካቤ በብርቱ በሚያስፈልግበት ዕድሜ ላይ የሚገኙት በብዛት ይህችን ግማሽ አበል የሚቀበሉ እናቶች ናቸው።

ሌላው ችግር ቀመሩ ወደ ኋላ የሚያይ መሆኑ ነው። አበሉ የሚታሰበው ሰውየው ሥራ ላይ በነበረበት ዘመን ደመወዝ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. እንደተደረገው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲስተካከል፣ ከዚያ በፊት የወጣው ጡረተኛ መነሻ ደመወዝ አብሮ አይለወጥም። ማሻሻያ የሚመጣው በየጊዜው በሚሰጥ ውሳኔ እንጂ ከገበያ ዋጋ ጋር በቀጥታ ተያይዞ አይደለም። ይህ ሁሉ ደግሞ ጡረታ ላላቸው ነው። ከወገራ ወይም ከደንቢያ አርሰው ልጆቻቸው ዘንድ ከተማ የገቡ አባት፣ አዘዞ ውስጥ ጠላ ሸጠው ያሳደጉ እናት፣ ሸማኔውና ልብስ ሰፊው ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው የጡረታ መለያ ቁጥር የሌላቸው ናቸው።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን፣ አባወራዎችና እማወራዎች በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍለው ቤተሰባቸውን የሚያሳክሙበት ሥርዓት ነው። ሙከራው በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ለጎንደር ቅርብ የሆነው ፎገራ ነበር። በተመላላሽና ተኝቶ በሚሰጥ ሕክምና ረገድ ለድሃ ቤተሰብ ብዙ ሸክም አቅልሏል፤ መዋጮውን መክፈል ለማይችሉትም መንግሥት የሚከፍልበት አሠራር አለ። ነገር ግን መድኑ የሚከፍለው ጤና ተቋም ውስጥ ለሚሰጥ አገልግሎት ነው። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ እንኳ ከሽፋኑ ውጭ ናቸው፤ ቤት ውስጥ የሚያገላብጥ፣ የሚያጥብና የሚያጎርስ ሰው ደመወዝ ጭራሽ ጥያቄ ውስጥ አይገባም። ደብተር መያዝ ለእንክብካቤ ዋስትና ነው የሚለው እምነት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለመደበኛ ተቀጣሪዎችና ለጡረተኞች በ2002 ዓ.ም. የታወጀው የማኅበራዊ ጤና መድን ደግሞ ለረጅም ዓመታት ሳይተገበር ቆይቷል፤ ቢተገበርም መልሱ ያው ሕክምና ላይ የሚቆም ነው።

የከተማ ሴፍቲኔት በመባል የሚታወቀው የምግብ ዋስትና መርሐ ግብር መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ያለ ሥራ ግዴታ ገንዘብ የሚሰጥበት የቀጥታ ድጋፍ ክፍል አለው። ድጋፉ ለቀለብ የታሰበ ነው። መመዘኛውም የቤተሰቡ ድህነትና መሥራት አለመቻል እንጂ አረጋዊው የሚያስፈልገው የእንክብካቤ መጠን አይደለም።

ሐዋላው ከፍተኛ ድርሻ አለው። ከእስራኤል፣ ከዓረብ አገሮች፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚላከው ገንዘብ ብዙ የጎንደር ቤቶችን አቁሟል። ሐዋላ ግን በላኪው ሥራ፣ ጤናና መልካም ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ከዚህም በላይ ገንዘቡ ሲደርስ ወደ ጉልበት የሚለውጠው ሰው ያስፈልጋል።

እድሩ የሚሠራው ፍጹም በተለየ ሰዓት ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ የቀብሩ ወጪ፣ የለቅሶው ቤት ምግብ፣ የሰዉ መሰብሰብ ያለ ጭቅጭቅ በሥርዓት ይከናወናል። ሦስት ዓመት ሙሉ በሩን ያንኳኳ ሰው ጥቂት በሆነበት ቤት፣ በአንድ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ይገኛል። ይህን የምለው እድርን ለመንቀፍ አይደለም፤ ለአንዲት ቀን ይህን ያህል መደራጀት የቻለ ማኅበረሰብ ከዚያች ቀን በፊት ላሉት ዓመታትም መደራጀት እንደሚችል ስለማምን ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት የኢኮኖሚ አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። «አቅሙ በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ ግዴታውን በጀት ላይ አሥሮታል፤ የሚሰበሰበው ግብር ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 10 በመቶ በማይሞላበት ሁኔታ ደግሞ ይህ አቅም ጠባብ ነው።

በቤተሰብ ደረጃ ያለው ግዴታ የበለጠ ግልጽ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ በወላጆችና በልጆች መካከል ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለ ይደነግጋል፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ቀለብ ማለት በሕጉ አነጋገር ምግብ ብቻ ሳይሆን መኖሪያን፣ ልብስንና ጤናን ይጨምራል። ጠያቂው የተቸገረና ሠርቶ መኖር የማይችል መሆን አለበት፤ መጠኑም የሚወሰነው የጠያቂው ፍላጎትና የሰጪው አቅም ተመዛዝኖ ነው። ስለዚህ የወላጅ ቀለብ በፍርድ ቤት የሚጠየቅ መብት ነው።

የሚጠይቅ ወላጅ ግን ጥቂት ነው። ልጅን መክሰስ የሚያመጣው ኀፍረት ከረሃቡ ይልቅ ይከብዳቸዋል፤ አብዛኛው ነገር በሽማግሌ ወይም በንስሐ አባት በኩል ይያዛል። ፍርድ ቤት ቢደርስም በጥሬ ገንዘብ የሚቆረጠው ቀለብ የሚያስታምመውን ሰው ጉልበት በቀጥታ አይመልስም። ገንዘብ የላከ ልጅ ግዴታውን እንደተወጣ ይቆጠራል፤ ሌሊቱን ያነጋ ልጅ ግን ከዚህ መዝገብ ውጭ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ይህንኑ ክፍተት ያሳያል። ወላጅ የሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ያገኛል። ወላጁ በጠና የታመመበት ሠራተኛ ግን ያለው በልዩና አሳሳቢ ምክንያት እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ የሚሰጥ ፈቃድ ነው፤ እርሱም በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። የሕጉ አሠራር ከእድሩ ጋር መመሳሰሉ የሚያስደንቅ ነው፤ ለሞት ቦታ አለው፣ ለማስታመም የለውም።

ጉልበቱን የሚሸከመው ማን ነው?

በተለምዶ ሸክሙ የሚወድቀው ከልጆች መካከል ያላገባችው፣ ወይም ባሏን ፈትታ ወላጆቿ ቤት የተመለሰችው፣ ወይም ቅርብ ሰፈር ያገባችው ሴት ልጅ ላይ ነው። ምርጫው በጉባኤ አይወሰንም፤ «እሷ እዚህ ስላለች» በሚል ይጀምርና ዓመታት ያልፋሉ። እርሷ ስትደክም ከገጠር የመጣች ዘመድ ልጅ ትተካለች፤ ብዙ ጊዜም «ትምህርት እናስተምርሻለን» ተብላ። የማታ ትምህርቷን ከሌሊት ማስታመም ጋር የምታስኬድ ታዳጊ ከሁለቱ አንዱን መተው ይመጣባታል፤ የምትተወውም ትምህርቱን ነው። የአያቷን ክብር የጠበቀው ቤተሰብ የልጅቷን የወደፊት ሕይወት እየከፈለ መሆኑን ብዙ ጊዜ አያስተውልም።

አቅም ያለው ቤተሰብ በደላላ በኩል አስታማሚ ይቀጥራል። አብዛኞቹ ለቤት ሠራተኛነት የመጡ እንጂ ማስታመም የተማሩ አይደሉም፤ ታማሚን ወገብን ሳይጎዱ እንዴት እንደሚያነሡ ወይም የአልጋ ቁስል ሲጀምር ቆዳው ምን እንደሚመስል የሚያሳያቸው የለም። በቤት ውስጥ ለግል አገልግሎት የሚደረግ ቅጥርን አዋጅ 1156 ከራሱ ሽፋን አውጥቶ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ስለተወው፣ የሥራ ሰዓትና የዕረፍት ቀን የሚወሰነው በቤቱ እመቤት ደግነት ነው። ውጤቱም ሠራተኛ በየጥቂት ወሩ መለዋወጥ ሲሆን፣ የሚጎዳው በየጊዜው አዲስ እጅ የሚነካቸው ታማሚ ነው።

ሌላው የክፍያ መንገድ ቤቱ ነው። ወላጅ ያስታመመችውን ልጅ «ቤቱ ያንቺ ነው» ይላል፤ በቃል። ያለ ኑዛዜ በሚተላለፍ ውርስ ግን ልጆች ሁሉ እኩል ነው የሚካፈሉት፤ ዐሥር ዓመት ያስታመመችውና በዓመት አንድ ጊዜ ለጥምቀት የመጣው ድርሻቸው አንድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ተናዛዡና 4 ምስክሮች ባሉበት ተነብቦ መፈረም አለበት፤ በቃል የተባለው ተስፋ ከተዝካሩ በኋላ የሚፈርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ቃሉ ለምን በጊዜው ወደ ጽሑፍ እንደማይለወጥ ግልጽ ነው፦ በሕይወት ባሉ ወላጅ ፊት ስለ ኑዛዜ ማንሣት ሞታቸውን መመኘት ይመስላል።

የአረጋውያን ማዕከል ክርክር

በአገራችን የአረጋውያን መኖሪያ ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው እንደ አዲስ አበባው መቄዶንያ ያለ፣ ጧሪ ቀባሪ ያጡ ሰዎችን ከጎዳና የሚያነሣ የበጎ አድራጎት ማዕከል ነው። በዚህ የተነሣ «ማዕከል መግባት» መጣል ማለት ነው የሚል ግንዛቤ ሰፍኗል። ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ቁጥጥር የሌለበት መኖሪያ አቅመ ደካማን ለበደል ሊያጋልጥ ይችላል፤ ለጸሎትና ለጾም ልማዳቸው፣ ለጎረቤትና ለቡና ሥርዓት ቅርብ ሆነው ያረጁ ሰዎችን ከሰፈራቸው መንቀል ራሱ ጉዳት ነው።

በሌላ በኩል፣ ልጆቹ ሁሉ ውጭ ያሉ ቤተሰብ ወላጁን ለአንዲት ልምድ ለሌላት ሠራተኛ ትቶ በስልክ መከታተሉን እንደ ክብር ቆጥሮ፣ ነርስ ያለበትን መኖሪያ እንደ ውርደት ማየቱ ሊጤን ይገባል። ከሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ለጎንደር የተሻለ ይመስለኛል፦ ወላጅ ቀን የሚውልበትና ማታ ቤቱ የሚመለስበት ማዕከል፣ እንዲሁም ቤት ለቤት የሚዞር የሠለጠነ አስታማሚ። ከተማዋ ለዚህ መነሻ አላት። በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነርሶችንና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሃድሶ ሥራም ሲያከናውን ቆይቷል። ለአስታማሚዎች የሚሰጥ የጥቂት ሳምንታት ሥልጠና ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ሥራ አይደለም።

ሌሎች እንዴት ከፈሉ? እድርስ ይችላል?

ስለ አሜሪካ የሚባለው ማብራሪያ ይፈልጋል። ሜዲኬር የተባለው የአዛውንቶች የጤና መድን የረጅም ጊዜ እንክብካቤን በመደበኛነት አይከፍልም። የሚከፍለው ሜዲኬይድ ሲሆን፣ እርሱም ገቢያቸውና ሀብታቸው ከተወሰነ መጠን በታች ለሆነ ሰዎች ነው፤ ብዙ ግዛቶች በዚህ ሥር ለሚንከባከብ የቤተሰብ አባል ክፍያ ይፈቅዳሉ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1995፣ ጃፓን በ2000 ከሕክምና መድን የተለየ የእንክብካቤ መድን አቋቁመዋል። ጀርመን ለሚያስታምም ቤተሰብ በጥሬ ገንዘብ የሚሰጥበት አማራጭ ስትፈቅድ፣ ጃፓን ግን አገልግሎት ብቻ መስጠትን መረጠች፤ በወቅቱ ከቀረቡት መከራከሪያዎች አንዱ ጥሬ ገንዘቡ ምራቶችንና ሴት ልጆችን ይበልጥ ከአልጋው አጠገብ ያሥራቸዋል የሚል ነበር። ይህ ክርክር ለእኛም ቅርብ ነው። የጀርመን ሥርዓት ግን በዋናነት ከደመወዝ በሚቆረጥ መዋጮ ላይ፣ የጃፓኑም ግማሹ በመዋጮ ግማሹ በግብር ላይ የቆመ ነው፤ አብዛኛው ሰው ደመወዝተኛ ባልሆነበት አገር እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም።

ስለዚህ ዐይን ወደ እድር መመለሱ ተፈጥሯዊ ነው። የሚቃወሙት ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ሞት ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጊዜ የሚመጣና ወጪው የሚታወቅ ሲሆን፣ ሕመም ግን ሁለት ወር ወይም ስምንት ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ቀድመው የሚመዘገቡትም ቤታቸው ታማሚ ያለባቸው ይሆናሉ፤ በዚህ ሁኔታ የእድሩ ካዝና ባዶ ሊሆንና የቀብሩም ወግ ሊቀር ይችላል። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው፣ እድር ለታማሚ አባሉ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ሳይሆን ቁርጥ ያለ ሰዓት ቢሰጥስ ይላሉ። አባላት በተራ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ታማሚው ዘንድ ቢቀመጡ፣ የምታስታምመው ልጅ ገበያዋን ትወጣለች ወይም ትተኛለች። እንዲሁም ተሽከርካሪ ወንበርና የሚታጠፍ የታማሚ አልጋ እንደ ድንኳኑ ሁሉ የእድሩ ንብረት ሆኖ ከቤት ወደ ቤት ቢዘዋወር፣ አንድ ጊዜ የተገዛው ዕቃ ብዙ ቤት ያገለግላል። የደጋፊዎቹ ሐሳብ ብርታት ወጪው አስቀድሞ የሚታወቅና የሚወሰን መሆኑ ነው፤ የተቃዋሚዎቹን ሥጋት የሚመልስ ስለሆነ ቢሞከር የሚበጀው እርሱ ይመስለኛል።

በቤተሰብ ደረጃ

የሕግም ሆነ የተቋም ለውጥ እስኪመጣ ድረስ የሚወሰነው በቤተሰብ ውስጥ ነው። ልጆች በሽማግሌ ፊት ተቀምጠው ሒሳቡን በሁለት ዓምድ ቢጽፉት፣ በአንዱ በየወሩ የሚወጣውን ገንዘብ፣ በሌላው የሚያስፈልገውን ሰዓት፣ የላከውና ያስታመመው እኩል ይታያሉ። ሰዓት መስጠት ያልቻለ ሰው ቢያንስ ለእህቱ የጠፋባትን ገቢ፣ በዓመትም ለተወሰኑ ሳምንታት የምታርፍበትን ተተኪ አስታማሚ ደመወዝ ሊሸፍን ይችላል። ቤቱን በሚመለከት የተሰጠ ተስፋ ካለም ወላጅ በሙሉ አእምሮ ሳሉ ወደ ኑዛዜ ቢለወጥ ለሁሉም ይጠቅማል።

ብዙ ቤተሰብ የሚዘገይበት ሌላ ጉዳይ ውክልና ነው። ጡረታ ለመቀበል፣ የባንክ ሒሳብ ለማንቀሳቀስ፣ የቤት ግብር ለመክፈል ወላጅ ለታመነ ልጅ ውክልና የሚሰጡት ፈርመው የሚያደርጉትን በሚያውቁበት ጊዜ ነው። የመርሳት በሽታው ከገፋ በኋላ ሰነድ ማረጋገጫ ፊት ማቅረብ ዋጋ የለውም፤ ያኔ የሚቀረው በሐኪም ማስረጃ ተደግፎ በፍርድ ቤት ሞግዚት ማሾም ነው። ቀድሞ የተሰጠ ውክልናም ወካዩ የሕግ ችሎታቸውን ሲያጡ፣ በሰነዱ ላይ የተለየ ስምምነት ካልተጻፈ በስተቀር፣ ቀሪ ስለሚሆን ይህን ሐሳብ ሲዋዋሉ ማስፈር ያስፈልጋል።